ደሴ ከተማ ውስጥ የነፋስ ተርባይን፦ አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ

ለመድኃኒት ቤታችን ያስገባነው የኃይል ምንጭ የፀሐይ ፓናሎችን፣ 1,000 ዋት የተጻፈበት አነስተኛ የነፋስ ተርባይን፣ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃዎች በሚስማማ መልክ የሚቀይር ኢንቨርተርና 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ያጣመረ ነው። ፓናሎቹ ይሠራሉ፤ ፓናል ሲግል ምርቱ ስለሚቀንስ የደሴ ብርድም ይስማማቸዋል። እንድጽፍ ያስገደደኝ ተርባይኑ ነው።

ሻጩ ያሳመነን «ፀሐይ ስትጠፋ ነፋሱ ይተካል» በማለት ነበር። ይህ ብርድና ማዕበል አብረው በሚመጡባቸው የሰሜን አውሮፓ አገሮች ያስኬዳል። እዚህ ግን በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲያለብስና ፓናሎቹ ሲደክሙ፣ ተርባይናችንም አብሯቸው ሲቆም ከረመ። ደህና አድርጎ የሚሽከረከረው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ ፀሐይዋ ብቻዋን ትበቃናለች። አሸጎዳና አዳማ ላይ ለተተከሉት ትልልቅ የነፋስ ማመንጫዎች ይቀርብ የነበረው መከራከሪያ የግድቦች ውሃ በሚቀንስበት በጋ ነፋሱ ይበረታል የሚል ነው። ነፋስን ከውሃ ጋር የሚያጣምረው ይህ ትክክለኛ ስሌት፣ ነፋስን ከፀሐይ ጋር ለማጣመር ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

የተጻፈው 1,000 ዋትም ቢሆን የሚገኘው ነፋሱ በሰከንድ 12 ሜትር ሲነፍስ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ስለሚወርድ፣ በሲሶው ፍጥነት፣ በሰከንድ 4 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ የሚቀረው አንድ ሃያ ሰባተኛው፣ ማለትም 37 ዋት ገደማ ብቻ ነው። 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ በመሆኑ፣ ይህም ከ30 ዋት በታች ይወርዳል። አንድ አምፖል ለማብራት ምሰሶ ተከልን ማለት ነው!

ሻጩ አሁን «ምሰሶው አጥሮ ነው» ይል ይሆናል። በእርግጥ ተርባይን በዙሪያው ካሉት ሕንፃዎችና ዛፎች ወደ 10 ሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት፤ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል በቤቶች ላይ እየተላተመ የሚመጣ ነፋስ አቅጣጫውን እየለዋወጠ ያንገላታዋልና፣ ንዝረቱም በቆርቆሮው በኩል እስከ መኝታ ቤት ይሰማል። ነገር ግን ይህን ቀድሞ መናገር የነበረበት ጣሪያችን ላይ ወጥቶ፣ ለክቶ ዋጋ ያወጣው ባለሙያ ነው።

ለባትሪው ግን ከማንም ጋር እከራከርለታለሁ። ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ ስላለበት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚያሳስበን ማቀዝቀዣው ነበር። ቀድሞ የነበረን የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ማውረድ አይመከርም፤ ይህኛው ግን ከያዘው አብዛኛውን ሳይጎዳ ይሰጣል። በክረምቱ ያሻገረንም መብራት ባለ ጊዜ ከመስመሩ እየሞላ፣ ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን እስኪነጋ የያዘው እሱ ነው።

ስለዚህ ደሴ ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ተርባይን እንዲገዛ አልመክርም፤ ለተርባይኑ፣ ለምሰሶውና ለመቆጣጠሪያው የሚወጣው ገንዘብ ለተጨማሪ ባትሪና ፓናል ይዋል። ገላጣ ሸንተረር ላይ ያለ ቤት ጉዳዩ ሊለይ ይችላል፤ እሱም ቢሆን ከመክፈሉ በፊት በሰከንድ 4 ሜትር በሚነፍስ ነፋስ ስንት ዋት እንደሚገኝ በጽሑፍ እንዲሰጠው ሻጩን ይጠይቅ።