ያረጀ የናፍጣ ሚኒባስ ያላችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች፣ «ፖምፓው ሞቷል» ስትባሉ ቶሎ አትክፈሉ

ሰሞኑን በፖምፓ (ናፍጣውን በኃይል ወደ ሞተሩ የሚልከው ዕቃ) ሰበብ 49,000 ብር ተበላሁ። እኔ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው። የጋራዡን ስም አልጽፍም። የተሠራብኝን ሥራ ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

መኪናዬ ባለ 3ኤል ሞተር ቶዮታ ሚኒባስ ነው። አሮጌ ነው፤ ግን እንጀራዬ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ዕቃ ጭኜ ሐረር አደርሳለሁ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደንገጎን የወጣ ግን ዳገቱ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። መኪና ውስጥ የተደበቀ ሕመም ካለ እዚያ ይወጣል።

የእኔም እዚያው ወጣ። ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል። ዳገት ሲይዝ ነዳጅ ብረግጥም አይስብም፣ ይቆራረጣል። ዳር ይዤ ትንሽ ካሳረፍኩት ይሻለዋል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ስታርት ያስለምናል።

ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩ የፊት ወንበሩን አንስቶ ሞተሩን አየ፣ ሁለቴ ነዳጅ ረገጠ። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። «አቦ፣ ፖምፓው ሞቷል» አለኝ። ፊልትሮውን (የናፍጣ ማጣሪያውን) አልነካም። ከሰልባትዮው (ከናፍጣ ማጠራቀሚያው) የሚመጣውን ቱቦ ጎንበስ ብሎ አላየም። ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ኦሪጅናል ፖምፓ አለ፣ 45,000 ብር፣ የእጅ 4,000 አለኝ። ሥራ ከቆመብኝ ቀናት አልፈው ስለነበር እሺ አልኩ። ደረሰኝ አልጠየቅኩም። መኪናውን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። እነዚህን ሁለት ስህተቶች የሠራሁት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ስመጣ ብርማ ቀለም የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ ፖምፓ ተገጥሞ አገኘሁ። መኪናው ሁለት ቀን አሪፍ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ደንገጎ ላይ ያው ሆነ።

እንደምንም ሐረር ገባሁና አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ፖምፓው እኮ ገና መቀየሩ ነው» አልኳቸው። «ፖምፓውን ተወው ልጄ፤ ናፍጣው እሱ ጋ ይደርሳል ወይ?» አሉኝ።

መጀመሪያ ፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የእጅ ፓምፕ ተጫኑ። ጤነኛ ከሆነ ጥቂት ጊዜ ሲጫኑት መጠንከር አለበት። የእኔ ሃያ ጊዜ ተጭነውትም ለስላሳ ነበር። ቀጥለው በፊልትሮውና በፖምፓው መሃል ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቱቦ አስገቡና ሞተሩን አስነሱ። ናፍጣው ውስጥ ትናንሽ አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ በዓይኔ አየሁ። በመጨረሻ ንጹሕ ናፍጣ የያዘ ጀሪካን ከፍ አድርገው አስቀምጠው ቀጥታ ከፖምፓው ጋር አገናኙት። ሞተሩ ፀጥ ብሎ ሠራ። ነዳጅ ሲረግጡት ጮኸ፣ አልተቆራረጠም።

ስለዚህ ችግሩ ከፖምፓው በፊት ነበር። መኪናው ሥር ገብተው ቱቦውን በጣታቸው እየዳበሱ ሄዱ። ፋሸታው (ቱቦውን አጥብቆ የሚይዘው ቀለበት) ሥር ሙቀት ያደረቀው ጎማ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ወደ ውጭ አንዲት ጠብታ አያንጠባጥብም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዚህ ሞተር ላይ ናፍጣውን ከሰልባትዮው ስቦ የሚያመጣው ራሱ ፖምፓው ነው። ስንጥቅ ሲያገኝ ናፍጣ አይፈስም፣ አየር ይገባል። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ናፍጣ ስለሚፈልግ እዚያ ይብስበታል። ሲያድር ደግሞ ናፍጣው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጠዋት ስታርት ያስቸግራል። ጋራዡ ሲገጥም አየሩን ስላስወጣ ነው ሁለት ቀን የሄደልኝ።

ቱቦና ሁለት ፋሸታ 600 ብር። የእጅ 500።

ከዚያ ሰውየው ፖምፓውን ትኩር ብለው አዩት። ጨርቅ ቤንዚን ነክረው ቀለሙን ጠረጉ። ሥሩ የነበረው የቁጥር ሰሌዳ ብቅ አለ። አምና ጎሚኒ (የጎማ ማሸጊያ) ላፈላልግ ብዬ የፖምፓዬን ቁጥር በስልኬ አንስቼ ነበር። አውጥቼ አመሳከርኩት። የሞዴሉ ብቻ ሳይሆን የሲሪያል ቁጥሩም ያው ነው። አጥበውና ቀለም ቀብተው የራሴን ፖምፓ ለራሴ ሸጠውልኛል።

ፖምፓ አያልቅም እያልኩ አይደለም፣ ያልቃል። ግን በእውነት ሲያልቅ ምልክት አለው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ይነሳል፤ ሲግል ጠፍቶ በጅ አይልም፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ይነሳል። በድሬ ሙቀት ይሄ ቶሎ ይታወቃል። በጀሪካን ተሞክሮም ካልሳበ ያኔ ፖምፓና ኖዝል (ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው) መጠርጠር ይቻላል፤ እሱም በመሞከሪያ ማሽን፣ እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ነው። የኖዝል ቱቦ ሲፈታ ግን እጃችሁን አታስጠጉ። የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ የሚበሳ ጉልበት አለው።

ከዚያ በፊት በነፃ የምትሞክሩት አለ። ሲቆራረጥ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱት። ሽው ብሎ አየር ከሳበና መኪናው ከተሻለው መተንፈሻው ተደፍኗል። ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈትታችሁ በብርጭቆ ተቀበሉ፤ ውሃ ካለ ከታች ይዘቅጣል። በተለይ ሰልፍ ሰልችቷችሁ መንገድ ዳር በጀሪካን ከገዛችሁ ይህን ሳታዩ ወደ ጋራዥ አትሂዱ።

የሚፈታ ዕቃ ካለ ቁጥሩን ቀድማችሁ ፎቶ አንሱ፣ የማይታይ ቦታ ላይ በሚስማር ምልክት አድርጉ። አሮጌውን ዕቃ ለመውሰድ ቀድማችሁ ተስማሙ። ደረሰኝ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ደረሰኝ የሸማች መብት ነው፤ ውለታ አይደለም።

ጋራዡ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ፎቶውን አሳየሁ። «ደረሰኝ አለህ?» አሉኝ። የለኝም። ብሩን በባንክ ያስተላለፍኩበት ወረቀት ግን አለ፣ እሱን ይዤ እየተከታተልኩ ነው። በቅርብ ጊዜ ብርማ ቀለም የተቀባ «የዱባይ» ፖምፓ የተገጠመላችሁ ካላችሁ ጨርቅ ቤንዚን ነክራችሁ ሰሌዳውን ጥረጉት። የሲሪያል ቁጥሩን ከድሮ ፎቶ ወይም ወረቀት ጋር አመሳክሩና ንገሩኝ፤ ሁለት ሦስት ሆነን አብረን እንሄዳለን።