ፍጻሜ የሚታየው ጋሼ ቤት ነው

ማንቼ ነኝ፣ የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ። ግንቦት 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ያደረግነውን የኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ) ፍጻሜ ያየሁት ሰፈራችን ባለው ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ቤቱ ታፔላ የለውም፣ የሰፈሩ ሰው በባለቤቱ «ጋሼ ጋ» ብሎ ነው የሚጠራው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኳስ የት ይታያል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እዚያ ነው የምልከው።

ጨዋታው 11 ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ 10 ሰዓት ላይ ግን አግዳሚ ወንበሮቹ ከግማሽ በላይ ተይዘው ነበር። መግቢያው ያኔ ለሊግ ጨዋታ 30 ብር ነበር፣ ለፍጻሜው 50 አደረጉት። በር ላይ ያጉረመረመ ነበር። እኔ ግን 50 ብሩ ይገባዋል እላለሁ፣ ምክንያቱም ጋሼ ቤቱ ሲሞላ በሩን ይዘጋሉ። ሌላ ቦታ ዋንጫ ሲሆን መተላለፊያው ላይ ሳይቀር ሰው ይጨምሩና ግማሹ ቆሞ፣ ግማሹ የቆመውን ሰው ጀርባ እያየ ነው ጨዋታው የሚያልቀው። እዚህ የከፈለ ሰው ተቀምጦ ያያል።

ወደ ፍጻሜው በምን ሁኔታ እንደገባን ደግሞ ማንቼ የሆነ ያውቀዋል። ሊጉን 8ኛ ሆነን ነው የጨረስነው፣ ፕሪምየር ሊግ ከተጀመረ ወዲህ እስከዚያ ድረስ እንዲህ ወርደን አናውቅም። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመት ፍጻሜም ከዚሁ ሲቲ ጋር ነበር፣ ጉንዶጋን በ12ኛው ሰከንድ አግብቶብን 2 ለ 1 ተሸነፍን። በዋዜማው ደግሞ አሰልጣኛችን ቴን ሃግ ዋንጫውን ቢበላም ይባረራል የሚል ወሬ ከእንግሊዝ መጣ። ማልያ ለብሶ የመጣው ሁሉ ዝም ብሎ ነበር የተቀመጠው።

ሲቲ የሚደግፍ በጣት የሚቆጠር ነው፣ አርሴ (የአርሰናል ደጋፊ) ግን ሞልቷል። ሲቲ ሊጉን በ2 ነጥብ በልጦ ከወሰደባቸው ገና ስድስተኛ ቀናቸው ነበር። ከኋላዬ የነበረው ልጅ «ዛሬ ለ90 ደቂቃ ብቻ ማንቼ ነኝ» አለ፣ እውነትም እስከ መጨረሻው ከእኛ ጋር ጮኸ።

30ኛው ደቂቃ ላይ የእኛው ዳሎት ከኋላ ረጅም ኳስ ላከ። የሲቲው ግቫርዲዮል በጭንቅላቱ ለበረኛው መለሳት፣ በረኛው ኦርቴጋ ግን ግቡን ለቆ ወጥቶ ነበር። ኳሷ አለፈችው፣ የእኛው ጋርናቾ ደርሶ ባዶ ግብ ውስጥ ጨመራት። ቤቱ ተነሳ! የማላውቀው ሰውዬ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ አምበላችን ብሩኖ ሳያይ ያቀበላትን ሜይኑ አስቆጠረ። ጋርናቾና ሜይኑ ሁለቱም አካዳሚያችን ውስጥ ያደጉ፣ ሁለቱም የ19 ዓመት ልጆች። ያንን ሁሉ ውርደት ባየንበት ዓመት እነዚህ ልጆች ሲያገቡ ማየት ለእኔ ከዋንጫውም በላይ ነበር።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ውስጥ ቦታ ያጣ ሰው ግቢ ውስጥ ሸራ ስር ሌላ ቴሌቪዥን ይከፈትለታል። ችግሩ የግቢው በኢንተርኔት ነው የሚሰራው፣ የውስጡ ደግሞ በዲሽ። ኢንተርኔት ከዲሽ ይዘገያል። ግቢ የነበረው ጓደኛዬ እንደነገረኝ እኛ ለጋርናቾ ጎል ስንጮህ በእነሱ ስክሪን ላይ ዳሎት ኳሷን ገና አልመታትም። ጎል መሆኑን በጩኸት አውቀህ ከዚያ በኋላ ጎሉን ማየት ምኑ ደስ ይላል? የተከፈለው ደግሞ እኩል 50 ብር ነበር። ይሄ ልክ አይደለም። ወይ ከውስጡ ዲኮደር ገመድ ይሳብላቸው፣ ወይ ዋጋው ይቀነስ።

ጋሼን ያከበርኳቸው ግን ከእረፍት በኋላ ነው። የሲቲው ሃላንድ የግቡን አግዳሚ መትቶ ሁላችንም በጭንቀት ፀጥ ባልንበት ሰዓት መብራት ሄደ። ይሄ ሲሆን በሌላ ቤት ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ጄኔሬተሩ እንቢ ይላል፣ ሰው ገመድ ይጎትታል፣ ሲነሳም ዲኮደሩ እንደ አዲስ እስኪከፍት ደቂቃዎች ያልፋሉ። ፕሮጀክተር ከሆነማ መብራቱ እስኪቀዘቅዝ ጭምር ነው የምትጠብቀው። ጋሼ ዲኮደሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ነው የሰኩት። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው የጠፋው፣ ዲኮደሩ አልጠፋም። ጄኔሬተሩንም ከጨዋታው በፊት አስነስተው ሞክረውት ነበር፣ ነዳጅ ሲሞሉበትም አይቻለሁ። ሰው መጮህ ሳይጨርስ ምስሉ ተመለሰ። ያለፈን ነገር የለም። ለዚህ ሰው 50 ብር ምንድን ነው?

87ኛው ደቂቃ ላይ የሲቲው ዶኩ ከሩቅ መትቶ አገባ፣ በረኛችን ኦናና ሊይዛት የሚገባ ኳስ ነበረች። ከዚያ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች አይነገሩም። ሲቲዎቹ ተነስተው መጨፈር ጀመሩ፣ የፊቱ ወንበር ሰው ሁሉ ቆመ፣ ጋሼ መጥተው «ተቀመጡ ልጆች፣ ከኋላ ያለው አልከፈለም እንዴ?» አሉ፣ ሁሉም ተቀመጠ። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ጥግ ላይ ያለው አባት ማልያውን አይኑ ላይ አድርጎ ያለቅስ ነበር። ልጁ ትከሻው ላይ ሆኖ ይስቃል። 13ኛው የኤፍኤ ካፕ ዋንጫችን ነው። ብሩኖ ዋንጫውን ሲያነሳ ጋሼ እንደ አንዳንዱ ቤት ቶሎ አጥፍተው «ውጡ» አላሉንም፣ ሜዳሊያው ተሰጥቶ እስኪያልቅ ከፍተው ጠበቁን።

የቀሩት ነገሮች፦ ሻይና ለስላሳ አለ፣ ኦቾሎኒው ትኩስ ነው፣ ዋጋው እንደ ሱቅ ነው። ሽንት ቤቱ አንድ ብቻ ነው፣ በእረፍት ሰዓት ሰልፉ አይገፋም፣ ስለዚህ 40ኛው ደቂቃ ላይ ድረሱበት። ውስጥ በስተቀኝ ያለው ምሰሶ ሦስተኛውንና አራተኛውን ረድፍ ይጋርዳል፣ በስተግራ ተቀመጡ። ለዋንጫ ጨዋታ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ ጋሼን የሚለምናቸው ሰው አይቻለሁ፣ ለማንም አልከፈቱም።