ለጉበት ካንሰር ክትትል የቱ ይሻላል? የዲኤንኤው የደም ምርመራ ወይስ አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ?

ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ወዳጆቼ ሰሞኑን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የጉበት ካንሰርን ከደም ላይ በዲኤንኤ የሚያገኝ ምርመራ መጥቷል አሉ። አልትራሳውንዱን ትቼ እሱን ላሠራ?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳት አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን አካባቢ ነው። ቫይረሱ ያለባቸውን ዘመዶቼን ሐኪም ቤት የማመላልሰውም፣ ቢላቸውን የምከራከረውም እኔ ነኝ።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። እኔ የምመርጠው በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ የተባለውን፣ በጉበት ካንሰር ጊዜ ሊጨምር የሚችል ፕሮቲን የሚለካ የደም ምርመራ አንድ ላይ ማሠራት ነው። የዲኤንኤው ምርመራ ተስፋ ያለው ነገር ነው፤ ግን አልትራሳውንዱን አስቀርቶ የሚገዛ አይደለም።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ብዙ ሰው «ዲኤንኤ ተሠርቶልኛል፣ ነፃ ነኝ» ይለኛል። ወረቀቱን ሳየው የቫይረሱ መጠን ነው። እሱ የሚቆጥረው በደም ውስጥ ያለውን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ነው። መድኃኒት ለመጀመርና መድኃኒቱ መሥራቱን ለማየት ይጠቅማል። ካንሰር መኖር አለመኖሩን ግን አይነግርም። ቴኖፎቪር የተባለውን የቫይረሱን መድኃኒት እየወሰደ ቫይረሱ የማይታይ የሆነለት ሰው እንኳ የካንሰር አደጋው ይቀንስለታል እንጂ አይጠፋለትም። ክትትሉ ይቀጥላል።

አዲሱ ምርመራ የሚፈልገው ሌላ ነው። የሚሞቱ ሴሎች የዲኤንኤ ቁርጥራጮቻቸውን ደም ውስጥ ይለቃሉ። በካንሰር ሴሎች ዲኤንኤ ላይ ሚቲሌሽን የሚባለው ኬሚካላዊ ምልክት ከጤነኛው በተለየ ቦታ ይገኛል። ላብራቶሪው ያንን ይፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ስማቸው የሚነሳው ኦንኮጋርድ ሊቨር እና ሄሊዮሊቨር ናቸው።

አሁን ወደ ዋጋ። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት ለአረጋውያን ያዘጋጀው ኢንሹራንስ) ለአንድ ኤኤፍፒ ለላብራቶሪ የሚከፍለው 17 ዶላር ገደማ ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ከዚያ ብዙ እጥፍ ሲጠየቅ አይቻለሁና ለመከራከር ትጠቅማለች። የአልትራሳውንድ ዋጋ ደግሞ እንደሚሠራበት ቦታ ነው። አንድ ዘመዴ ሆስፒታል ውስጥ ተሠርቶለት የመጣው ቢል አስደንግጦን ነበር። ቀጥሎ ራሱን ወደቻለ የራጅና የአልትራሳውንድ ማዕከል ወሰድኩት። ያው ጉበት፣ ያው ምርመራ፣ ግን የከፈለው ከመጀመሪያው ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ደውሉና «የካሽ ዋጋው ስንት ነው?» በሉ። ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ዲዳክቲብሉን (ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችሁ የምትከፍሉትን) ካልጨረሳችሁ የካሽ ዋጋው ሊሻላችሁ ይችላል።

የዲኤንኤው ዋጋ በኢንሹራንሳችሁ ስለሚወሰን ከእጃችሁ የሚወጣውን በጽሑፍ ጠይቁ። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ብዙ ዓይነት ካንሰሮችን በአንድ ደም የሚፈልገው ጋለሪ የተባለው ምርመራ የታወጀ ዋጋው 949 ዶላር ነው። በሜዲኬር ሒሳብ ይህ ገንዘብ 55 ጊዜ ኤኤፍፒ ያሠራል። በዓመት ሁለቴ ከሆነ ከ27 ዓመት በላይ ማለት ነው። ደግሞም ጋለሪ ለጉበት ክትትል የተሠራ ስላልሆነ ሄፓታይተስ ቢ ላለበት ሰው የአልትራሳውንዱን ቦታ አይሸፍንም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። ኦንኮጋርድ ሊቨር ሦስት የሚቲሌሽን ምልክቶችን ከኤኤፍፒ እና ከታማሚው ጾታ ጋር አጣምሮ ነው ውጤት የሚሰጠው። ሄሊዮሊቨርም ኤኤፍፒን ጨምሮ ሦስት የፕሮቲን ምርመራዎች አሉበት፤ ዕድሜና ጾታም ይጨመራሉ። ስለዚህ ያ ርካሹ ኤኤፍፒ በውዱም ውስጥ አለ።

«ግን የዲኤንኤው የበለጠ ያገኛል ይላሉ» ትሉኛላችሁ። ቁጥሩን እንየው። በ2018 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው አልትራሳውንድ ብቻውን ገና በጅምር ካሉት ካንሰሮች የሚያገኘው 45 በመቶውን ነው። ኤኤፍፒ ሲጨመርበት 63 በመቶ ይደርሳል። ኦንኮጋርድ በ2022 በታተመ ጥናት በጅምር ካሉት 82 በመቶውን አግኝቷል። ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል። ነገር ግን የዲኤንኤዎቹ ቁጥር በአብዛኛው የመጣው ካንሰር እንዳለባቸው አስቀድሞ የታወቁ ሰዎችን ከሌለባቸው ጋር በማወዳደር ነው። እንዲህ ያለ ጥናት ምርመራውን ከእውነተኛው ኑሮ አሳምሮ ያሳየዋል። የአልትራሳውንዱ ቁጥር ደግሞ በብዛት የመጣው በየሐኪም ቤቱ ክትትል ላይ ከነበሩ ሰዎች ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ መግዛት አያዋጣም።

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳመነኝ ሌላ ማስረጃ ነው። ቻይና ሻንጋይ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ወይም የቆየ የጉበት በሽታ ያለባቸው 18,816 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ነበር። አንደኛው ወገን በየስድስት ወሩ አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ ሲሠራለት ሌላው አልተሠራለትም። በ2004 በታተመው ውጤት መሠረት ክትትል በነበረው ወገን በጉበት ካንሰር መሞት በ37 በመቶ ቀንሷል። ሕይወት እንደሚያተርፍ በዚህ መልኩ የታየ የዲኤንኤ ምርመራ እስካሁን የለም። የአሜሪካ የጉበት ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 መመሪያው ያጸናው አልትራሳውንድና ኤኤፍፒን ነው።

የውሸት ማስጠንቀቂያ ከሁለቱም ይመጣል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አልትራሳውንድ «በቀኝ በኩል ይህን ያህል ሚሊሜትር የሆነ ነገር አለ» ይላል። ከ10 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይደገማል። ከዚያ ከበለጠ ወይም ኤኤፍፒው በሚሊሊትር 20 ናኖግራም ከደረሰ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ይታዘዛል። የዲኤንኤው ግን ፖዘቲቭ ሲል የት እንደሆነ አያሳይም። ለኤምአርአይ ትከፍላላችሁ። ኤምአርአዩ ምንም ካላሳየስ? ምርመራው ተሳስቶ ይሁን ዕጢው ገና ትንሽ ሆኖ ሳታውቁ ወራት በጭንቀት ያልፋሉ። ይህን ወጪ ማንም ዋጋው ላይ ደምሮ አይነግራችሁም።

ስለ አስመሳዮቹ ደግሞ ልንገራችሁ። አንዲት ወዳጄ አገር ቤት ለእረፍት ሄዳ አንድ የግል ክሊኒክ «የካንሰር ዲኤንኤ ምርመራ» ብሎ ጠቀም ያለ ገንዘብ አስከፈላት። ውጤቱን በቴሌግራም ላከችልኝ። ወረቀቱ ላይ ያለው ኤኤፍፒ፣ ሲኢኤ እና ሲኤ 19-9 ነው። ሦስቱም ለዓመታት የኖሩ ተራ የደም ምርመራዎች ናቸው። ዲኤንኤ የሚባል ነገር የለበትም። አሁንም ሳስበው ያናድደኛል። ከመክፈላችሁ በፊት የምርመራውን ሙሉ ስምና ናሙናው የሚሠራበትን ላብራቶሪ ጠይቁ።

ቱቦውንም ጠይቁ። ነጭ የደም ሴሎች ቱቦ ውስጥ ሲፈነዱ የራሳቸውን ዲኤንኤ ይለቃሉ፤ ከዕጢ የመጣችው ጥቂት ዲኤንኤ በዚያ ትዋጣለች። ለዚህ ተብለው የተሠሩ ቱቦዎች ደሙን በክፍል ሙቀት ለቀናት ያቆያሉ። በተራ ቱቦ ከተቀዳ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ፕላዝማው መለየት አለበት። በተራ ቱቦ ቀድቶ ሳይለይ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ካጋጠማችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

አልትራሳውንድም ጉድለት አለበት። በሠሪው እጅ ይወሰናል። ሰውነቱ ወፈር ያለ ወይም ጉበቱ ስብ የያዘ ሰው ላይ በደንብ አያሳይም። አሜሪካ ያላችሁ ሪፖርቱ ላይ ቪዥዋላይዜሽን ስኮር የሚለውን ፈልጉ። ኤ ከሆነ ጥሩ ታይቷል፤ ሲ ከሆነ ብዙው ጉበት አልታየም ማለት ነው። ሲ የተጻፈለት ሰው «ምንም አልተገኘም» ብሎ መተኛት የለበትም። ስለ ሲቲ ወይም ኤምአርአይ ሐኪሙን ይጠይቅ። ኤኤፍፒም በእርግዝና እና ጉበት ሲቆጣ ይጨምራል፤ ትንሽ ዕጢ እያለም ላይጨምር ይችላል። ብቻውን አትመኑት።

የዲኤንኤውን ግዛ የምለው ታዲያ ለማን ነው? ስኮሩ ሲ ለሚሆንበትና ኤምአርአይ ለማይችል ሰው፣ ሐኪሙ ካዘዘውና ኢንሹራንሱ ከሸፈነለት። ሌላው ደግሞ አልትራሳውንድ ፈጽሞ አልሄድም ብሎ ዓመታት ያስቆጠረ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው፤ ሲሮሲስ (የጉበት መጠባሰስ) ካለባቸው ሰዎች ክትትሉን የሚያደርገው ከአራቱ አንዱ ያህል ብቻ መሆኑን ጥናቶች ያሳያሉ። ለእሱ ደም መስጠቱ ምንም ካለማድረግ ይሻላል።

ለቀራችሁት ግን፣ በተለይ አፍሪካ ለተወለዳችሁት፣ ዕድሜ አትጠብቁ። ሄፓታይተስ ቢ ጉበቱ ሳይጠባሰስም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፤ እኛ ላይም ቀደም ብሎ ይመጣል። በቀጣዩ ቀጠሮ «አልትራሳውንድና ኤኤፍፒ በየስድስት ወሩ ይታዘዝልኝ» በሉ። የመጀመሪያውን ሪፖርትም አስቀምጡ፤ የሚቀጥለው ሐኪም የሚያወዳድረው ከእሱ ጋር ነው።