ወደ ፊት ብቻ የምትሄድ ተሳቢ

የሰፈራችን ልጆች አንድ ነፃ ትርኢት አላቸው። መኪናዬ ከነተሳቢዋ ከአስፋልቱ ስትገነጠል ካዩ ኳሳቸውን ጥለው ይሮጣሉ። «ጋሼ ሊያስገባ ነው!» ይባባላሉ። ከግቢዬ በር ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። እኔ ማርሹን ወደ ኋላ አስገባለሁ። ሁሉም ጸጥ ይላል።

ለሽርሽር ስንወጣ የምናድርባትን ተሳቢ ከገዛሁ ስምንት ወር ሆነኝ። «እንዴት ናት? እኔም ላሠራ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ ነው ይህን የምጽፈው። ንዴቴ ሳይበርድ ብጽፈው ይሻላል ብዬም ነው።

ነገሩን ያመጣው አሜሪካ ያለው የባለቤቴ ወንድም ነው። በእነሱ ሰመር ቤተሰቡን ጭኖ፣ ከኋላ ተሳቢ አስሮ፣ ተራራና ሐይቅ ሲያዳርስ ቪዲዮ ይልክልናል። ልጆቼ አይተው አበዱ። ባለቤቴ ደግሞ «ተራራ የለንም? ሐይቅ የለንም?» አለች። እውነቷን ነው። ከጎንደር ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዳህ ደባርቅ ነህ፤ የስሜን ተራሮች ደጃፍ። ወደ ደቡብ 60 ያህል ከነዳህ ጎርጎራ፣ ጣና ዳር ነህ። ችግሩ የእነሱ ሰመር የእኛ ክረምት መሆኑ ነው። በሐምሌ ስሜን ላይ የሚያድር ሰው ጉም አይቶ ጉም ለብሶ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የእኛን ሰመር ወደ መስከረም ገፋነው። ከዕንቁጣጣሽ በኋላ፣ ትምህርት ሳይጀመር። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን፣ ደግመን ጠይቀን።

ተሳቢዋን የሠራልኝ አንድ የብረታ ብረት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ሰውየው በብየዳ እጁ የተባረከ ነው። ምላሱ ግን ከእጁም ይበልጣል።

የላሜራ ሳጥን ናት። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ40። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ በምሰሶ ወደ ላይ ይነሳል። የኋላ ክዳኗ ወደ ታች ሲከፈት የቡታጋዝ ማስቀመጫ ይሆናል። ሦስት ሰው ታስተኛለች። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ፒክአፑ ውስጥ ተጣጥፌ አድራለሁ። ባሌስትራዋ ጥሩ ነው። ዝናብ አታስገባም። ጥሩ ጎኗን ጨረስኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ተሳቢዋን ከመኪናው ጋር የሚያያይዛት የመጎተቻ ዘንግ አጭር ነው። ከጋንቾው፣ ማለትም ከመኪናው ጋር ከምትያያዝበት መንጠቆ፣ እስከ ሳጥኑ 70 ሳንቲም ብቻ። ስረከባት ዓይኔ ገብቶ ጠይቄዋለሁ። «ይቺ ነገር አላጠረችም?»

«አጭር ስትሆን ለከተማ ትመቻለች ወንድሜ። መታጠፊያ ላይ አታስቸግርህም» አለኝ።

ወደ ፊት ስትሄድ እውነቱን ነው። እንደ ጥላ ትከተላለች፤ መኖሯንም ትረሳታለህ። ወደ ኋላ ሲሆን ግን ሌላ ፍጥረት ነች። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ መሪው ተቃራኒ ይሆናል፤ መሪውን ወደ ቀኝ ካዞርክ የተሳቢው ቂጥ ወደ ግራ ይሄዳል። ይህን ሁሉም ሹፌር ያውቀዋል። የማያውቀው የአጭር ተሳቢን ጠባይ ነው። ረጅሙ ስህተትህን ቀስ ብሎ ነው የሚያሳይህ፤ እስኪታጠፍ ድረስ ለማረም ጊዜ አለህ። አጭሩ መሪውን ትንሽ እንደነካህ እንደ ክርን እጥፍ ይላል። የእኔዋ ደግሞ ከመኪናው ስለምትጠብ በስፖኪዮ አትታይም። በስፖኪዮ ከታየችህ ነገሩ አልቋል ማለት ነው፤ ተጣማለች።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከፍለን፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውታችንን፣ ከነጠመንጃው ከፊት አስቀምጠን ፓርኩ ውስጥ ወዳለው የሳንቃበር ማደሪያ መውጣት ጀመርን። መኪናዬ አሮጌ ናፍጣ ነው፤ ቱርቦ የለውም። እንዲህ ያለ ሞተር ከፍታው በጨመረ በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አስር በመቶ ገደማ ያጣል። ጎንደር ላይ ራሱ ሙሉ ሰው አይደለም። ሳንቃበር 3250 ሜትር ነው። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ የለኝም።

ቡይት ራስን አልፈን አንድ ኩርባ ላይ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ፊት ለፊት መጣብን። ያ መንገድ ለቱሪስት ብቻ አይደለም፤ ፓርኩን አቋርጦ ወደ ጃናሞራ ይሄዳል። አውቶቡሱ እስከ ጣሪያው ሰውና ጆንያ ነው። በአንድ በኩል ተራራ፣ በሌላ በኩል የማትጠይቁት ገደል። የአውቶቡሱ ሹፌር እጁን አውጥቶ ወደ ኋላዬ ጠቆመኝ። ሠላሳ እርምጃ ያህል ዝቅ ብሎ መንገዱ ሰፋ ይላል። ሠላሳ እርምጃ ብቻ።

አንድ ጊዜ ሞከርኩ፤ ወደ ተራራው ታጠፈች። ወደ ፊት ሳብ አድርጌ ደገምኩ፤ ወደ ገደሉ ታጠፈች። ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ ወረደች። ምንም አላለችም፤ ዝም ብላ ወረደች። ሦስተኛው ላይ የፍሪሲዮን ሽታ መጣ። አራተኛው ላይ የአውቶቡሱ ተሳፋሪ በሙሉ ወርዶ ዳር ላይ ቆሟል። ከመንገዱ በላይ የጭላዳ መንጋ ሣር እየነጨ ነበር። እነሱ እንኳ ቀና ብለው አላዩኝም። በዚያን ሰዓት ያላፈርኩባቸው እነሱ ብቻ ናቸው።

ስካውቱ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ በመስኮቱ ጎንበስ አለ። «ወንድም ዓለም፣ እንዲህ የምታምጽ በቅሎስ አላየሁም። ፍታትና በእጅ እንግፋት።»

ፈታናት። ስምንት ሰው ተረባረበ። አንዱ ሰውዬ የያዘውን ዶሮ ለልጄ አስይዞ ነው የገፋው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተሳቢዋ ቦታዋን ያዘች፤ እኔም ያለ እሷ ወደ ኋላ ወረድኩ። አውቶቡሱ ጡሩምባውን እየነፋ አለፈ። ልጄ ዶሮውን መልሽ ስትባል አለቀሰች።

ሳንቃበር ማታውን ድንች ልንቀቅል ብንሞክር አልበስል አለ። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ በ89 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ነው፤ በእሱ ተሳቢዋን አልከስም። በሶ ጨብጠን በልተን ተኛን። ንጋቱን አልገልጸውም፤ ያየ ያውቀዋል።

ሠሪው ፊቴ ቢቆም የምለውን ስምንት ወር ሙሉ ተለማምጄዋለሁ። «ለከተማ ትመቻለች» አልከኝ አይደል? ለየትኛው ከተማ? ጎንደር ውስጥ በአንድ በር ገብቶ በሌላ በር የሚወጣ ግቢ ያለው ማን ነው? የፋሲል ግቢ ብቻ ነው! «መሪውን መልመድ ነው» ትለኛለህ። እሺ፣ ለመድኩ፤ በቀን ሁለቴ፣ በሕዝብ ፊት። «ቪዲዮ እይ» ትለኛለህ። አየሁ! የባለቤቴ ወንድም የላካቸውን ሁሉ እንደገና ቁጭ ብዬ አየሁ። ተራራ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ እሳት ከበው የሚስቁ ሰዎች አሉ። ወደ ኋላ የሚነዳ አንድም ሰው የለም። ደውዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «እሱማ ይቆረጣል። ሚስቴ ወርዳ እየጮኸችብኝ ነው የማስገባው» አለኝ። ይህን ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበረበት?

ደግሞ የቆጠብከው ስንት ነው? አንድ ክንድ ተኩል ብረት! ዋጋውን ብትነግረኝ እጨምርልህ ነበር።

ጎርጎራ በታኅሣሥ ሄድን። መንገዱ በደምቢያ ሜዳ ነው የሚያልፈው፤ ቆላ ድባ ላይ እሸት ሽምብራ ገዝተን እየፈለፈልን ነዳን። የደምቢያ አፈር መረሬ ነው፤ ጥቁር ጭቃ። ክረምት ቢሆን ኖሮ እስካሁን እዚያው ተቀብራ ነበር። ጣና ዳር ግን መንገዱ ሐይቁ ላይ ያልቃል። መንገድ ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። እኔ ብልጥ ሆኜ ገና ሳልሞክር ፈታኋት። ፍሬን የላትም፤ መሬቱ ደግሞ ትንሽ ያዘቀዝቃል። ወደ እንቦጩ አቅጣጫ ስትንደረደር ትልቁ ልጄ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ባይወረውር ኖሮ ታንኳ ሆና ነበር። ከዚያ በኋላ ቆሮሶ አስጠብሰን በላን። ዓሣው ቁጣዬን አበረደልኝ፤ እስከ ግቢዬ በር ድረስ።

ለእውነት ሲባል አንድ ሳምንት ወድጃታለሁ። ጥምቀት ነው። ጎንደር በጥምቀት አልጋ እንደማይገኝ ለማንም አይነገርም። የባለቤቴ አክስት ከሁለት ሴት ልጆቻቸው ጋር መጡብን፤ ቤቱ ደግሞ በእንግዳ ሞልቷል። ተሳቢዋን ግቢ ውስጥ ጣሪያዋን አንስተን፣ ፍራሽ አንጥፈን፣ አምፖል በገመድ ሳብንላቸው። ሦስት ሌሊት አደሩባት። «እንዲህ ያለ እንቅልፍ ከተኛሁ ዘመን የለኝም፤ እጁ ይባረክ የሠራልህ» አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ምን ላድርግ? ይህን ጽሑፍ በጥር 12 ብጽፈው ኖሮ ሙሉ ነጥብ ነበር የምሰጣት። ግን አስቡት፤ ያን ሳምንት ሙሉ ቆማ ነበር።

ዘዴ ያልሞከርኩት የለም። ስፖኪዮ ውስጥ እንድትታየኝ ሁለት የፕላስቲክ ቱቦ ከኋላ ማዕዘኖቿ ላይ አቁሜ ቀይ ጨርቅ አሰርኩባቸው። ይህኛው በእርግጥ ይጠቅማል፤ ጠባብ ተሳቢ ያላችሁ አድርጉት። ችግሩ ልጆቹ «ታቦት ይወጣል እንዴ?» ማለት ጀመሩ።

በመጋቢት ነው መፍትሔው የመጣው፤ የመጣውም ከጎረቤት። ፊት ለፊታችን የሚኖሩ አንድ አባት አሉ። አገሩ በአሰብ ወደብ በሚገለገልበት ዘመን እዚያ መንገድ ላይ ትልቁን ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ከሰዓት በኋላ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ማለትም እኔን ስድስት ወር ሙሉ አይተውኛል። አንድ ቀን ለሦስተኛ ጊዜ ስትታጠፍብኝ በትራቸውን ይዘው ተነሡ።

«አባባ፣ እስካሁን ምነው ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«አልጠየቅኸኝማ ልጄ።»

ከጋንቾው እስከ ጎማዋ በበትራቸው ለኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንገት የላትም። አንገት የሌለው በሬ ምን ቀንበር ይይዛል?» አሉ። ከዚያ የኋላውን ክዳን አስከፈቱኝ። ሦስት ጀሪካን ውሃ እዚያ ነው የማስቀምጠው። «ይኸ ደግሞ ፊት መሆን አለበት። ከኋላ ከከበዳት ቁልቁለት ላይ ጭራዋን ትቆላብሃለች» አሉኝ። ከሳንቃበር ስንወርድ ትወዘወዝ የነበረው ለካ ለዚህ ነው! ከጠቅላላ ክብደቷ አስር በመቶ ያህሉ ጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ይህንን ሠሪው አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁት፤ እሺ። ግን ሻጭ እኮ ነው!

መሪውንም አስተማሩኝ። «እጅህን ከመሪው ላይ አንሣ። ከታች፣ ሆድህ ጋ ያዝ። ተሳቢዋ ወደምትፈልገው ወገን እጅህን ውሰድ፤ በቃ።» መሪውን ከግርጌው ስትይዘው ተቃራኒው ይስተካከላል። እጅህ ወደ ቀኝ ሲሄድ የተሳቢው ቂጥም ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስድስት ወር በጭንቅላቴ ሳሰላው የኖርኩት ነገር ነው። ጉረኛ መሆን አልፈልግም እንጂ በዚያው ቀን ግማሽ መንገድ አስገባሁ።

በሚያዝያ ዘንጓን ሌላ ቤት ወስጄ በ70 ሳንቲም አስቀጠልኳት። የቀጠለው ልጅ ብየዳ ብቻ አይበቃትም ብሎ ከግራና ከቀኝ ወፍራም ብረት ለጠፈባት። አሁን ከጋንቾው እስከ አክስሏ 2 ሜትር ከ60 ሆነ። ሌላ ፍጥረት ሆናለች። ስትታጠፍ ታስጠነቅቃለች። ሁለተኛ ክፍያ መክፈሌ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አሠሩ ወይስ አታሠሩ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬ አሠሩ እላለሁ፤ ትናንት ብትጠይቁኝ ሌላ ነበር። ብቻ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ። ዘንጓ ከአንድ ሜትር ካነሰ የሰውየውን ምላስ አትስሙ፤ ጥላችሁ ውጡ።

ባለፈው እሑድ ከኮሶዬ ስንመለስ ልጆቹ አጥሩ ላይ አልነበሩም፤ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። አባባም በራቸው ላይ የሉም። እጄን ከመሪው ግርጌ አድርጌ፣ ቀዮቹን ጨርቆች በስፖኪዮ እያየሁ ለቀቅኳት። ቀጥ ብላ፣ ምሰሶዎቹን ሳትነካ፣ በአንድ ጊዜ ግቢ ገባች። ሞተሩን አጥፍቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ባለቤቴ ስልኳን ይዛ ከቤት ወጣች። «ገባች? ቆይ፣ ቆይ፤ አውጣና ድገመው፣ ለወንድሜ እልክለታለሁ» አለች።

አውጥቼ ደገምኩት። የግራውን የበር ምሰሶ ነገ ግንበኛ መጥቶ ያየዋል።