የልጄ ቡድን ነገ ይኖራል? የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ወጪ የሚያሳየውን ነፃ ድረ ገጽ ሞከርኩት

ልጄ ዘንድሮ ሃይስኩል ይጨርሳል። ሯጭ ነው። (ሐበሻ መሆናችንን ሲሰማ ሁሉም "አሃ!" ይላል፤ እኔ ግን አውቶቡስ ሲያመልጠኝ እንኳን ሮጬ አላውቅም።) ባለፈው ሰመር አሰልጣኞች መደወል ሲጀምሩ ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። እኔ ግን ልቤ አልሞላም። የጓደኛዬ ልጅ፣ የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ ቡድናቸውን በአንድ የዙም ስብሰባ ዘጉባቸው። በጀት የለም ተባለ፣ አለቀ። ስኮላርሺፕህን አንነካም ብለውታል፤ የሚሮጥበት ቡድን ግን የለም።

ስለዚህ አንዱ አሰልጣኝ "እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን" ሲለኝ የቤተሰቡን የባንክ ደብተር ማየት አማረኝ። ለካ ማየት ይቻላል፤ ያውም በነፃ።

የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ነው፤ "ኢኩዊቲ ኢን አትሌቲክስ ዳታ አናሊሲስ" ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ ሕግ አለ። የፌዴራል የተማሪ እርዳታ የሚቀበል፣ ወንድም ሴትም የሚያስተምርና የስፖርት ቡድኖች ያሉት ኮሌጅ ሁሉ ስንት ተጫዋች እንዳለው፣ ለአሰልጣኞቹ ስንት እንደሚከፍል፣ ለየስፖርቱ ስንት እንዳወጣ በየዓመቱ ሪፖርት ያደርጋል። የትምህርት ቤቱን ስም ትጽፋላችሁ፣ ይመጣል። ጎን ለጎን ማወዳደር፣ የድሮ ዓመታትን ማየት፣ ወደ ኤክሰል ማውረድም ይቻላል። ከወላጅ የተሰወረ የሚመስለኝ ነገር ሁሉ እዚያ ተዘርግቶ ሳይ ደነገጥኩ። ትልቅ የፉትቦል (የአሜሪካኖቹ፣ በእጅ የሚይዙት) ቡድን ያለው ትምህርት ቤት ስትከፍቱ የፉትቦሉ ወጪ ሌላውን ሁሉ ዋጥ ያደርገዋል። የሩጫው ከሱ አጠገብ ሲቀመጥ ቡና ቁርስ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ።

ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ገቢና ወጪያቸው እኩል ነው። እኩል ስላችሁ እስከ መጨረሻዋ ዶላር። የእድራችን ገንዘብ ያዥ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ሒሳብ ቢያመጣልን ኦዲተር እንጠራበት ነበር! ነገሩ ግን ማጭበርበር አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ጉድለቱን ለመሙላት የሚሰጠው ገንዘብና ከተማሪው ሁሉ የሚሰበሰበው የስፖርት ክፍያም እንደ ገቢ ይመዘገባል። ስለዚህ እዚያ ትርፍና ኪሳራ ፍለጋ አትድከሙ፤ ወጪውን ብቻ እዩ። ሌላው፣ አገር አቋራጭና ትራክ (የመም ሩጫ) ወጪያቸው በአንድ ላይ ተደምሮ ነው የሚቀመጠው፤ የኔን ልጅ ዓይነቱን ለብቻው መለየት አይቻልም። ቁጥሮቹም ያለፈ ዓመት ናቸው። ከሴቶች ቡድን ጋር ልምምድ የሚሠሩ ወንዶች ደግሞ በሴቶቹ ቁጥር ውስጥ ይደመራሉ፤ ይሄንን ሳያውቁ ማንበብ ያሳስታል።

ትልቁ ችግር ግን ስኮላርሺፑ ነው። እንደ ወጪ ይጻፋል። ከክፍያው ውስጥ የትምህርቱ ድርሻ ግን ዩኒቨርሲቲው ከአንዱ ኪሱ አውጥቶ በሌላው ኪሱ የሚከተው ነው፤ ምግቡና መኝታው ነው እውነተኛ ወጪ። ተገላቢጦሹም አለ። በዲቪዥን ሦስት (በኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ደረጃ) የስፖርት ስኮላርሺፕ ጭራሽ የለም። 30 ልጆች ለመሮጥ ብለው አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ ገብተው ወላጆቻቸው ቢከፍሉ፣ ቡድኑ ኮሌጁን እያበላ ነው ማለት ነው። ድረ ገጹ ላይ ግን ያ ቡድን ገንዘብ የሚበላ ብቻ ሆኖ ይታያል። አንድ ኃላፊ ይሄንን ሠንጠረዥ ብቻ ይዞ "የቱን ልቁረጥ?" ቢል የሚያበላውን ሊቆርጥ ይችላል።

ደግሞ "አቅም የለንም" የሚባለው ሁሌ የአቅም ጉዳይ አይደለም። ስታንፎርድን ተመልከቱ። በሐምሌ 2020 ከ36 ስፖርቶቹ 11ዱን እዘጋለሁ አለ፤ ትግል፣ ጎራዴ፣ የወንዶች ቮሊቦል፣ ቀዘፋ እያለ ይቀጥላል። ከ240 በላይ ስፖርተኞች። የስፖርት ክፍሉ ጉድለት በዓመት ከ12 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል ተባለ። የዩኒቨርሲቲው ቋሚ ሀብት ግን በቢሊዮኖች የሚቆጠር ነው! በመጋቢት 2021 ሼን ግሪፊት የሚባለው ታጋይ የትምህርት ቤቱ ስም የሌለበት ጥቁር ማሊያ ለብሶ የአገሪቱ የኮሌጆች ሻምፒዮን ሆነ። በግንቦት ሁሉንም መለሷቸው። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲም የወንዶችን ሩጫ እዘጋለሁ ብሎ፣ የሕግ ሙግት ሲመጣበት በሚያዝያ 2021 ሐሳቡን ቀየረ። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያሳፍራል። የወንዶች ሩጫን ከሰረዘ በኋላ፣ ብዙ ጥቁር ተማሪዎች ያሉበትን ቡድን ነው የዘጋችሁት ሲባል በ12 ቀን መለሰው። ይቺ እኛን ትነካለች። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የመጡት ያሬድ ንጉሤ ኖተርዳም እየሮጠ ነው በ2019 በ1500 ሜትር የኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነው፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ ነሐስ ወሰደ። እንዲህ ያሉ ልጆች የሚወጡት ከነዚህ "ወጪ" ከሚባሉ ቡድኖች ነው።

አሁን ነገሩ የባሰ ጠበቀ። በሰኔ 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለስፖርተኞቹ በቀጥታ በ2025-26 የትምህርት ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር መክፈል እንዲችል ተፈቀደለት። አብዛኛው ለፉትቦልና ለቅርጫት ኳስ ነው የሚሄደው። ከየት ይመጣል? ከሌላው መቀነስ ነዋ።

እና ድረ ገጹን እንዴት ልጠቀምበት? እኔ ገንዘቡን ትቼ ስፖርቶቹን መቁጠር ጀመርኩ። በትልቁ የፉትቦል ደረጃ ያለ ትምህርት ቤት ቢያንስ 16 ስፖርት ሊኖረው ግድ ነው። አገር አቋራጭ፣ የቤት ውስጥ ትራክና የውጪ ትራክ እንደ ሦስት ስፖርት ይቆጠራሉ፤ የሚሮጡት ግን ያው ልጆች ናቸው። 16 ወይም 17 ብቻ ያለው ትምህርት ቤት ሩጫውን ቢዘጋ በአንዴ ሦስት ይጎድልበታል። 22 ወይም 23 ያለው ግን ሊዘጋው ይችላል። በዚያ ላይ ታይትል ናይን (ትምህርት ቤቶች በወንድና በሴት መካከል እንዳያዳሉ የሚከለክለው ሕግ) አለ፤ ፉትቦል ብቻውን እስከ 105 ወንድ ይይዛል፣ የሴቶቹን ቁጥር ከዚያ ጋር ለማመጣጠን ሲሉ ቀድመው የሚቆርጡት ሌላውን የወንዶች ቡድን ነው። የሴት ልጅ ወላጅ ከሆናችሁ ትንሽ ልባችሁ ይረፍ፤ ትንሽ ነው ያልኩት።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። አንድ ተኩሉን የቆረጥኩት በዚያ በተመጣጠነ ገቢና ወጪ ነው። በነፃ ለተገኘ ነገር አልተሳሳትኩም መሰለኝ።

ሁለት ቅዳሜ ፈጅቼ ሠንጠረዥ ሠራሁና ለልጄ አሳየሁት። ቀይ አለው፣ አረንጓዴ አለው። አንዴ አየት አድርጎ "አባዬ፣ ይሄኛው ካምፓስ አጠገብ ጥሩ ዳገት አለው" ብሎ እሱን መረጠ። እኔም ከፍቼ ቆጠርኩ። 17 ስፖርት ነው ያለው። የወንዶቹን ሩጫ ቢዘጋ 14 ይቀረዋል። ዝም አልኩ።