ማራኪ በር ላይ የድህረ ምረቃ ቅሬታ ማጻፍ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ያሉት የኮፒና የጽሕፈት ቤቶች የማስተርስ ቅበላ ውጤት በተለጠፈ ሰሞን አቤቱታ ይጽፋሉ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ራስጌውን፣ «ጉዳዩ» እና «ግልባጭ» የሚባሉትን ሳይነገራቸው ቦታ ቦታቸውን ያስይዛሉ። ይዘቱን ግን ለእነሱ መተው አያዋጣም።

ዋናው ችግር ለሁሉም ጉዳይ አንድ ዓይነት ደብዳቤ መጻፋቸው ነው። «ብዙ ደክሜ የተማርኩ ሆኜ ሳለ በደል ስለደረሰብኝ እንባዬ እንዲታበስልኝ» የሚል ወረቀት ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ የሚመረመር ነገር የለውም። የሚመረመረው ስህተት ነው፦ የድምር፣ የክብደት አሰጣጥ፣ ገቢ ሆኖ ሳለ ጎደለ የተባለ ሰነድ፣ ከማስታወቂያው መስፈርት የወጣ አሠራር። ለምሳሌ የመግቢያ ፈተናው 50 በመቶ ቢይዝና አመልካቹ ከ100 68 ቢያመጣ፣ ድምሩ ውስጥ መግባት ያለበት 34 ነው። 24 ተብሎ ከተያዘ ደብዳቤው ይህንኑ በሁለት መስመር ይበል፤ የተለጠፈው ውጤት ፎቶና የማስታወቂያው ኮፒ ይያያዝ። ሌላ ተፎካካሪ እንዴት አለፈ የሚለው ሐሜት ይውጣ፤ ጸሐፊዎቹ ማሞቂያ አድርገው ይጨምሩታል።

ሁለተኛው ጉድለት አድራሻ ነው። «ለፕሬዝዳንት ጽሕፈት ቤት» ማለት ይወዳሉ። ወረቀቱ ተመርቶ ተመልሶ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይወርዳል፤ የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን በዚያ መሃል ሊያልፍ ይችላል። ከትምህርት ክፍል ኃላፊ ጀምሮ ወደ ኮሌጁ፣ ቀጥሎ ወደ ድህረ ምረቃ ክፍሉ መውጣት ይሻላል፤ ዝርዝሩ በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ሌጅስሌሽን (የውስጥ መተዳደሪያ ደንብ) ይለያያል። ቅሬታው በራሱ በጋት (በአገር አቀፉ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ውጤት ላይ ከሆነ ደግሞ ፈተናው የትምህርት ሚኒስቴር ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ መመላለሱ ከንቱ ድካም ነው።

ከመፈረም በፊት ቀኑ ይታይ። ኦንላይን የወጣ ውጤት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ደብዳቤው በኢትዮጵያ ሲሆን ይምታታል። ስምም እስከ አያት፣ ልክ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዳለው ይሁን። ኦርጅናል ሰነድ አይያያዝም። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይታተም፦ አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ከባለጉዳዩ ጋር ይመለሳል። ይህችን ሁለተኛ ኮፒ ጽሕፈት ቤቶቹ አያስታውሱም፤ ያለሷ ግን «ቅሬታ አልደረሰንም» ቢባል መልስ የለም።

«አይሆንም» የሚለው በቃል ብቻ ከተነገረ በጽሑፍ ይጠየቅ። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል ተቋማት ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሆን ያዛል። ወደ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚሄድ ሰውም ግቢው ውስጥ ቅሬታውን ማቅረቡን ማሳየት ስላለበት፣ ማኅተም ያለባት ኮፒና የተሰጠው መልስ አንድ ላይ ይቀመጡ።

በአጭሩ ለማስተየብ ጥሩ ናቸው፣ ለማጻፍ አይደሉም። ረቂቁን ቤት ጽፎ መሄድ፣ ሲጨርሱም ፋይሉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም መቀበል፤ ወደ ኮሌጁ ሲወጣ የሚቀየረው አድራሻውና ቀኑ ብቻ ነው።