ተፋላሚ መነኩሴን ለመጫወት፦ የ2014ቱ ወይስ የ2024ቱ የደንብ መጽሐፍ?

ደሴ ላይ «መነኩሴ» ሲባል ቀድሞ የሚታወሰን የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኩሴ ነው፤ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ሆነው በዳይስ እየታገዙ ታሪክ በሚያካሂዱበት በደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ያለው መነኩሴ ግን ከሩቅ ምሥራቅ የኩንግ ፉ ተረቶች የተቀዳ፣ ጥሩር ሳይለብስ በእጁና በእግሩ የሚፋለም ገጸ ባሕርይ ነው። እሱን መጫወት የሚሻ ሰው እ.ኤ.አ. በ2014 ወይም በ2024 ከታተሙት የተጫዋቾች መጽሐፎች አንዱን ይመርጣል። የሁለቱም ዋጋ ሲወጡ 50 ዶላር ገደማ ነበር፤ የማስመጫው ወጪ ሲታከልበት ደግሞ ተሳስቶ መግዛት ያስቆጫል።

ትልቁ ልዩነት ያለው በ2014ቱ «ኪ»፣ በ2024ቱ ደግሞ «ትኩረት» (Focus) በተባለው፣ በነጥብ በሚቆጠረው የውስጥ ኃይል አጠቃቀም ላይ ነው። ገጸ ባሕርዩ እየበረታ ሲሄድ በደረጃ ያድጋል፤ ሁለተኛ ደረጃ ላይ የደረሰ መነኩሴ ሁለት ነጥብ ብቻ አለው። በዋሻ ውስጥ ሁለት ተኩላ ገጠመው እንበል፤ በ2014ቱ ደንብ አንዱን መትቶ ለማፈግፈግ አንድ ነጥብ፣ በሚቀጥለው ተራ ለመከላከል ሌላ ነጥብ ይከፍላል፤ በሦስተኛው ተራ ያለ ነጥብ ይቀራል። በ2024ቱ ደንብ ግን መትቶ ማፈግፈግም ሆነ ፈጥኖ መሮጥ ያለ ክፍያ ይቻላል፤ ነጥብ የሚወጣው ሁለቱን አጣምሮ ለማድረግ ወይም ለመከላከል ሲፈለግ ነው። ከሦስተኛ ደረጃ ጀምሮም አዲሱ መነኩሴ ከሩቅ የመጣን ቀስት ብቻ ሳይሆን የሰይፍና የመጥረቢያ ምትንም ያበርዳል። ይህን ገጸ ባሕርይ ለሚወድ ሰው አዲሱ ደንብ የዘገየ ፍትሕ ነው ብዬ አምናለሁ።

የቡጢው ጉዳትም ጨምሯል፤ በመጀመሪያው ደረጃ አራት ገጽ ባለው ዳይስ ይቆጠር የነበረው ዛሬ ስድስት ገጽ ባለው ይቆጠራል። ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ባለ ስድስት ገጹ ከማንኛውም የሉዶ ሳጥን ሲገኝ፣ ባለ አራት ገጹን ፒያሳ ላይ ፈልጌ አጥቻለሁ። የጨዋታው ዋና ዳይስ የሆነውን ባለ ሃያ ገጹን እኛ የምንተካው ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸውን ብጣሽ ወረቀቶች ሲኒ ውስጥ አድርገን እየነቀነቅን በማውጣት ነው።

የቀድሞው መጽሐፍ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፦ ከአምስተኛ ደረጃ ጀምሮ ጠላትን የሚያደነዝዘው ምት፣ ነጥብ እስካለ ድረስ በአንድ ተራ ደጋግሞ ሊሞከር ይችላል። በአዲሱ በየተራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሆኖም ጠላት ቢቋቋመው እንኳ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት ግን አሳታሚው የሁለቱንም መሠረታዊ ደንብ በነፃ መልቀቁን ማወቅ ያስፈልጋል፤ የ2014ቱን በ2016፣ የ2024ቱን በ2025። መነኩሴው በሁለቱም ውስጥ አለ፤ የሱን ገጾች ብቻ ማተሚያ ቤት አሳትሞ መጀመር ይቻላል። የጎደለው የመነኩሴው ልዩ ልዩ መንገዶች፣ ማለትም ገጸ ባሕርዩ ሲያድግ የሚመርጣቸው የፍልሚያ ስልቶች ናቸው፤ ነፃው ሰነድ የያዘው የክፍት እጅን መንገድ ብቻ ነውና፣ በጥላ ውስጥ የሚሰወረውን መነኩሴ ወይም በእጁ ዳስሶ የሚፈውሰውን የምሕረት ተፋላሚ የሚፈልግ ሰው የ2024ቱን መጽሐፍ ይግዛ። ታሪኩን የሚመራውና ደንቡን የሚዳኘው የጨዋታ መሪ የ2014ቱን ይዞ ከሆነ ግን አስቀድሞ እሱን ማማከር ይገባል፤ በአንድ ገበታ ላይ የሚጸናው የመሪው ደንብ ነው።